የንብ መርዝ በሰው ገላ ላይ ስለሚያስነሣው ብርቱ ቁጣ

ክረምቱ አልፎ መስኩ አደይ አበባ ሲለብስ ንብ የሚያረባ ገበሬ ሁሉ ዐይኑን ወደ ቀፎው ያነሣል። ጥቅምትና ኅዳር ማር የሚቆረጥባቸው ዋና ወራት ስለሆኑ፣ በደጋውም በወይና ደጋውም ምሽት ላይ ጢስ ይጨሳል፤ ችቦ ይዞ ከዛፍ ላይ የሚወጣውም ሰው ብዙ ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ቀዳሚ መሆኗ የታወቀ ሲሆን፣ ስለ ማሩና ስለ ሰሙ ጥቅም ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ማር ቆራጩ በገላው ስለሚከፍለው ዋጋ፣ ይኸውም ስለ ንብ መርዝ፣ የሚጻፈው ግን ጥቂት ነው።

ሳይነደፍ የሚኖር ንብ አርቢ የለም። ብዙው ሰው ሲነደፍ ጥቂት ያመዋል፣ ያብጥበታል፣ ያሳክከዋል፤ ከዚያም ይተወዋል። ይሁን እንጂ ከብዙዎቹ መካከል ጥቂቶች አሉ፤ ለእነዚህ ሰዎች አንዲት ንብ ብቻ በሩብ ሰዓት ውስጥ የሞት ምክንያት ልትሆንባቸው ትችላለች። አንዱን ከሌላው ለይቶ ማወቅ የሐኪም ሥራ ብቻ አይደለም። አደጋው የሚደርሰው ሐኪም ካለበት ሥፍራ ርቆ፣ በጓሮ፣ በእርሻ ዳር ወይም በጫካ ውስጥ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ፈራጅ በአጠገቡ የተገኘው ሰው ነው። በሌላ ወገን ደግሞ እጁ ስላበጠበት ብቻ ደንግጦ ሩቅ መንገድ የሚሄድ፣ ሳያስፈልገውም መድኃኒት እየተወጋ ገንዘቡን የሚያባክን ሰው አይታጣም። ሁለቱም ስሕተቶች የሚመነጩት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ይኸውም የእብጠቱን መጠን ከአደጋው መጠን ጋር አንድ አድርጎ ከመገመት ነው።

ንብ እንዴት ትነድፋለች

በቀፎ ውስጥ ከሚኖሩት ሦስት ዐይነት ንቦች መካከል ድንጉሎቹ መንደፊያ የላቸውም። ንግሥቲቱ፣ በተለምዶ አውራ የምትባለው፣ መንደፊያ አላት፤ ነገር ግን የምትጠቀምበት ተቀናቃኝ በሆነች ሌላ ንግሥት ላይ ስለሆነ ሰውን አትነድፍም ማለት ይቻላል። ሰውን የሚነድፉት ሠራተኞቹ ናቸው። የሠራተኛ ንብ መንደፊያ እንደ ዓሣ መንጠቆ ወደ ኋላ የተመለሱ ጥርሶች ስላሉት በሰው ቆዳ ውስጥ ከገባ በኋላ ተመልሶ አይወጣም። ንቢቱ ለመብረር ስትታገል መንደፊያው ከሆዷ ተነቅሎ ይቀራል፤ እርሷም ትሞታለች። ከመንደፊያው ጋር የመርዙ ከረጢትና እርሱን የሚገፉት ጡንቻዎች አብረው ስለሚቀሩ፣ ንቢቱ ከሄደች በኋላም መርዙ ወደ ቆዳው መግባቱን አያቋርጥም። ተርብ ግን መንደፊያው እንዲህ ያሉ ትልልቅ ጥርሶች ስለሌሉት ደጋግሞ መንደፍ ይችላል። ስለዚህ በቆዳ ላይ ተሰክቶ የቀረ መንደፊያ ከታየ፣ የነደፈችው ንብ ለመሆኗ ጥሩ ምልክት ነው።

አንዲት ንብ የምትሰጠው መርዝ ከ50 እስከ 140 ማይክሮግራም ይገመታል፤ አንድ ማይክሮግራም የሚሊግራም አንድ ሺሕኛ ነው። ከደረቁ መርዝ ግማሽ የሚሆነው ሜሊቲን የሚባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ሕዋሳትን እያፈረሰ ያንን የሚያቃጥል ሕመም የሚያመጣው እርሱ ነው። ሌላው ክፍል የሥጋውን መጋጠሚያ እያላላ ለመርዙ መንገድ ይከፍታል። ከቀሩት መካከል ፎስፎሊፔዝ የተባለው ከሁሉ በላይ ሊታወቅ ይገባዋል፤ ምክንያቱም የብዙ ሰዎች ገላ እንደ ጠላት ቆጥሮ የሚነሣበት ዋናው እርሱ ነው።

ከመንደፊያው ጋር ደግሞ ሽታ ይወጣል። ይህ ሽታ የበሰለ ሙዝን የሚመስል ሲሆን፣ ለሌሎች ንቦች «ጠላት እዚህ ነው» የሚል ጥሪ ነው። አንዲት ንብ የነደፈችውን ሥፍራ ሌሎቹ ተከታትለው የሚነድፉት በዚህ ምክንያት ነው። አባቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ጢስ የተጠቀሙበት ሥራም ትክክለኛ ነበር፤ ጢሱ የጥሪውን ሽታ ይሸፍነዋልና። ንቦቹም ጢስ ሲሸታቸው ማር መዋጥ ስለሚጀምሩ ለጠብ ያላቸው ፍላጎት ይቀንሳል።

የአፍሪካ ንብ ከአውሮፓው ይልቅ ቁጡ መሆኑ የታወቀ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. ዋርዊክ ኬር የተባሉ የብራዚል ሊቅ ከአፍሪካ ንግሥት ንቦችን ወደ አገራቸው ወስደው ነበር። በሚከተለው ዓመት በ1957 ከነሠራዊታቸው አምልጠው ከአገሩ ንብ ጋር ተዳቀሉ፤ ደቡብ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር አዳርሰውም በ1990 ቴክሳስ ደረሱ። ጋዜጦች «ገዳይ ንብ» የሚል ስም ቢያወጡላቸውም፣ የአንዲቱ ንብ መርዝ ከአውሮፓዪቱ የሚበልጥ አይደለም። አደገኛ የሚያደርጋቸው በአንድ ጊዜ የሚወጡት ብዛትና የሚያሳድዱበት ርቀት ነው። ይህ ለእኛም ትምህርት ነው። በንብ ምክንያት ሰው የሚሞትባቸው መንገዶች ሁለት ናቸውና፤ አንደኛው የመርዝ ብዛት፣ ሁለተኛው የገላ ቁጣ። ሁለቱ መደባለቅ የለባቸውም።

ገላ የሚቆጣበት ምክንያት

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1902 ዓ.ም. ፖል ፖርቲዬና ሻርል ሪሼ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ሊቃውንት ከባሕር እንስሳት የተወሰደ መርዝ በጥቂቱ ለውሾች እየሰጡ፣ ገላቸው መርዙን እንዲለምድ ለማድረግ ይሞክሩ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እጅግ ጥቂቱን መጠን ሲደግሙባቸው ግን፣ ውሾቹ መልመዳቸው ቀርቶ ወዲያው ትንፋሻቸው እያጠረ ሞቱ። ሊቃውንቱ ይህን ነገር አናፊላክሲስ አሉት፤ የጥበቃ ተቃራኒ ማለት ነው። ሪሼ በዚህ ሥራቸው በ1913 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ነገሩ በቀላል አነጋገር ሲገለጽ እንዲህ ነው። ሰውየው በመጀመሪያ ሲነደፍ ምንም የተለየ ነገር ላይታይበት ይችላል፤ ዳሩ ግን ገላው በውስጡ ለመርዙ ዘበኛ ያቆማል። እነዚህ ዘበኞች በቆዳ፣ በሳንባና በአንጀት ዙሪያ ባሉ ልዩ ሕዋሳት ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። በሌላ ቀን አንዲት ንብ ስትነድፈው ዘበኞቹ ጠላታቸውን ያውቁታል፤ ሕዋሳቱም ያጠራቀሙትን ሂስታሚንና ሌላም ንጥረ ነገር በአንድ ጊዜ ያፈሳሉ። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ውኃው ወደ ሥጋው ይፈስሳል፣ ቆዳው ያብጣል፣ የአየር ቧንቧው ይጠብባል፣ የደሙም ግፊት ይወርዳል። እንግዲህ ሰውየውን የሚጎዳው መርዙ ብቻ ሳይሆን የገዛ ገላው መከላከያ ከልክ ማለፉ ነው። «ብዙ ጊዜ ተነድፌአለሁና አያስፈራኝም» የሚለው አነጋገር ሙሉ ዋስትና የማይሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

እርግጥ ነው፣ በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ የሚነደፍ ንብ አርቢ ገላው መርዙን እየለመደ ስለሚሄድ ብርቱ ቁጣ የሚደርስበት እምብዛም ነው። ይበልጥ የሚያሰጋው በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚነደፈው ነው፤ ለምሳሌ አዲስ ጀማሪው፣ ወይም ሥራውን ትቶ ከቆየ በኋላ የተመለሰው። የንብ አርቢው ሚስትና ልጆችም ከቀፎው አጠገብ እየኖሩ አልፎ አልፎ ስለሚነደፉ ከእነዚሁ ወገን ናቸው። ባል ምንም ሳይሆን ሚስት ብርቱ ቁጣ ቢደርስባት እንግዳ ነገር ሊመስል አይገባም።

በቆዳ ላይ የሚታየውን መለየት

የተለመደው ነደፋ ይህን ይመስላል። ሥፍራው ያቃጥላል፣ ይቀላል፣ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ያህል ያብጣል፤ ሕመሙ በሰዓታት ውስጥ፣ እብጠቱም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይቀንሳል። ዐይን አጠገብ የተነደፈ ሰው ሽፋሽፍቱ ሙሉ በሙሉ ቢዘጋ፣ መልኩ ቢያስደነግጥም፣ በዚያ ሥፍራ ቆዳው ስስ ስለሆነ ነው። የዐይኑን ብሌን የተነደፈ እንደ ሆነ ግን ያለ መዘግየት ወደ ሐኪም መሄድ አለበት።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አለ። በአንዳንድ ሰዎች ላይ እብጠቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ጣቱን የተነደፈ ሰው ክርኑ ድረስ ሊያብጥበት ይችላል። ይህ እብጠት ወዲያው አይጨርስም፤ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን እየጨመረ ይሄድና ከአምስት እስከ ዐሥር ቀን ቆይቶ ይጠፋል። ትኩስና ቀይ ስለሚሆን መግል የያዘ ይመስላል፤ በዚህም ምክንያት ሳያስፈልግ ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይታዘዝለታል። ለመለየት የሚረዳው ጊዜው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ የሚመጣ እብጠት ባብዛኛው የገላ ቁጣ ነው። ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላ፣ መሻል ከጀመረ በኋላ እንደ ገና ሕመሙ የሚጨምር፣ መግል የሚያወጣ፣ ትኩሳት የሚያስከትል ወይም ቀይ መስመር እየሠራ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ግን ተሕዋስያን ገብተውበታልና መታከም ይገባዋል። እብጠቱ ሰፊ የነበረበት ሰው በሌላ ጊዜ ሲነደፍ የመላ ገላ ቁጣ የሚደርስበት ዕድል ከመቶ ከአምስት እስከ ዐሥር ያህል ብቻ እንደ ሆነ ይገመታል፤ ስለዚህ መጠንቀቅ እንጂ መሸበር አያስፈልገውም።

የሚያስፈራው ከተነደፈው ሥፍራ ርቆ የሚታየው ነው። እግሩን የተነደፈ ሰው ከንፈሩ ቢያብጥ፣ እጁን የተነደፈው ሆዱና ጀርባው ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ቢወጣበት፣ ድምፁ ቢጎረንን፣ ጉሮሮው የተያዘ ቢመስለው፣ ደረቱ እየፏጨ ቢተነፍስ፣ ቢያስመልሰው፣ ዐይኑ ቢጨልምበትና ቢዝለፈለፍ ይህ አናፊላክሲስ ነው። አንዳንድ ጊዜም በቆዳ ላይ ምንም ሳይታይ ሰውየው በድንገት ይወድቃል። ከተነደፈ በኋላ ከጥቂት ደቂቃዎች እስከ ግማሽ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መጀመሩ የተለመደ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በወጣ ጥናት በነፍሳት መርዝ ቁጣ ከሞቱት ሰዎች መካከል ግማሾቹ ትንፋሻቸው ወይም ልባቸው የቆመው በ15 ደቂቃ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንደ ነበረ ታይቷል። «እስቲ ትንሽ ጠብቀን እንየው» የሚባለው ምክር ለዚህ ሰው አይሆንም።

በብዙ ንብ መነደፍ ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ያለ ምንም የገላ ቁጣ፣ በመርዙ ብዛት ብቻ፣ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 19 ንብ ያህል ለግማሹ ሰው ገዳይ እንደሚሆን ሊቃውንት ይገምታሉ። በዚህ ስሌት 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ1,100 በላይ፣ 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ግን 380 ያህል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ በጣም ባነሰ ቁጥር የተጎዱ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ስላሉ፣ ከ50 በላይ ንብ የነደፈው ሰው ሁሉ ደኅና ነኝ ቢልም እንኳ ሐኪም ቤት ቢያድር ይሻለዋል። መርዙ ጡንቻንና የደም ሕዋሳትን ሲያፈርስ፣ የፈረሰው ነገር ኩላሊትን ይዘጋል፤ ምልክቱም እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ሽንት ነው። ይህ የሚታየው ከሰዓታት ወይም ከአንድ ቀን በኋላ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከንቡ ጋር አያይዞ የሚያስበው የለም።

መደረግ ያለበትና የሌለበት

ከሁሉ አስቀድሞ ከሥፍራው መራቅ፣ ወዲያውም መንደፊያውን መንቀል ነው። ድሮ «በሁለት ጣት ቆንጥጠህ አትንቀለው፣ ከረጢቱን ትጨምቀዋለህ፣ በቢላዋ ጠርዝ ፋቀው» ይባል ነበር፤ በመጻሕፍትም ተጽፎ ይገኛል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ይህን በራሳቸው ክንድ ላይ ጭምር ፈትነው፣ ልዩነት የሚያመጣው ዘዴው ሳይሆን ፍጥነቱ መሆኑን አሳይተዋል። ከመርዙ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 20 ሰከንዶች ውስጥ ስለሚገባ፣ ቢላዋ ሲፈለግ የሚባክነው ጊዜ ራሱ ጉዳት ነው። በጥፍርም ይሁን በጣት፣ መውጣቱ ብቻ ይበቃል።

ቀጥሎ ሥፍራውን በሳሙናና በውኃ ማጠብ፣ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ማድረግ፣ እጅ ወይም እግር ከሆነም ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ቀለበትና አምባር እብጠቱ ሳይጨምር መውለቅ አለባቸው፤ ካበጠ በኋላ ጣት የሚያስሩ ይሆናሉ። ለማሳከኩ ሴቲሪዚን ወይም ሎራታዲን የሚባለው እንክብል፣ ለእብጠቱ የሃይድሮኮርቲዞን ቅባት፣ ለሕመሙም ፓራሲታሞል ከመድኃኒት ቤት ይገኛል።

ቆዳውን በምላጭ መብጣትና መምጠጥ መርዙን አያወጣም፤ ለተሕዋስያን በር ይከፍታል እንጂ። እበትና አፈር መለጠፍ መንጋጋ ቆልፍን ሊያስከትል ይችላል። ላምባ መቀባት ቆዳን ይልጣል። ነጭ ሽንኩርት በየቤቱ የሚወደድ መድኃኒት ነውና ስሙን ለማጉደፍ አይደለም፤ ጥሬውን ፈጭቶ በቆዳ ላይ አስሮ ማቆየት ግን እንደ እሳት እንደሚያቃጥል በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰውየው ወደ ሐኪም የሚመጣው ሁለት ቁስል ይዞ ነው።

የመላ ገላ ቁጣ የጀመረው ሰው በጀርባው ተጋድሞ እግሩ ከፍ ይበል። ትንፋሽ ያጠረው እንደ ሆነ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥ፤ የሚያስመልሰው ወይም ራሱን የሳተ በጎኑ ይተኛ፤ ነፍሰ ጡር በግራ ጎኗ ትተኛ። በምንም ምክንያት ብድግ አድርጎ ማቆምና ማራመድ አይገባም፤ የደም ግፊቱ በወረደበት ሰው ላይ በድንገት መነሣት ብቻውን ልብን ሊያቆም ይችላል። በቃሬዛ፣ በመኪና ወይም በሌላ በተገኘው መንገድ እንደ ተጋደመ መወሰድ አለበት።

ለዚህ ቁጣ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ አድሬናሊን። ይህ ንጥረ ነገር ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች በተፈጥሮ የሚመነጭ ሲሆን፣ በመርፌ ሲሰጥ የሰፉትን የደም ሥሮች ያጠብባል፣ የጠበበውን የአየር ቧንቧ ይከፍታል። የሚሰጠው በጭን መካከል በውጭው በኩል፣ በጡንቻ ውስጥ ነው፤ ለአዋቂ ግማሽ ሚሊግራም፣ ለልጅ በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ሆኖ፣ ካልተሻለው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ልኩን የሚሰጠው የሠለጠነ የጤና ሠራተኛ ነው። እዚህ ላይ የተጻፈው መድኃኒቱ በየትኛው ሥፍራና ለምን እንደሚሰጥ አንባቢው እንዲያውቅ ነው። የማሳከክ እንክብልና የኮርቲዞን መርፌ አድሬናሊንን አይተኩም፤ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍቱምና። የተሻለው ሰውም ከሰዓታት በኋላ ቁጣው ሊመለስበት ስለሚችል በጤና ጣቢያው መቆየት ይገባዋል። ለልብ ወይም ለደም ግፊት ቤታ ብሎከር የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አድሬናሊኑ እንደሚገባው ላይሠራለት ስለሚችል፣ ይህንኑ ለሐኪሙ መናገር አለበት።

አድሬናሊን የዓለም የጤና ድርጅት አስፈላጊ ናቸው ብሎ ከመዘገባቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ በብልቃጥ የሚመጣውም ዋጋው ውድ አይደለም። ሰው በኪሱ ይዞት ራሱን የሚወጋበት ብዕር መሰል መርፌ ግን በብዙ የአፍሪካ አገሮች እንደ ልብ አይገኝም። እንግዲህ ዘመናዊ ቀፎ ለገበሬው የሚያከፋፍል የወረዳ እርሻ ጽሕፈት ቤት፣ ከቀፎው ጋር አንድ ጥያቄ አብሮ ቢያነሣ መልካም ነው፤ በቅርብ ባለው ጤና ጣቢያ አድሬናሊን አለ ወይ? ጊዜውስ አላለፈበትም ወይ? ይህ ጥያቄ ማር ከመቆረጡ በፊት በመስከረም ቢጠየቅ አንድ ደብዳቤ ብቻ ይፈጃል፤ በኅዳር ሰው ከወደቀ በኋላ ቢጠየቅ ግን የሚፈይደው የለም።

አንድ ጊዜ የመላ ገላ ቁጣ የደረሰበት ሰው ንብ ማርባቱን ይተው ወይስ ይቀጥል የሚለው ለብዙ ቤተሰብ የእንጀራ ጥያቄ ነው። በውጭ አገር መርዙን በጥቂት በጥቂቱ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት እየወጉ ገላን የማስለመድ ሕክምና አለ። ቀድሞ ለብዙ ዓመታት ይሰጥ የነበረው ከተጨቆኑ ንቦች ገላ የተዘጋጀ ነበር፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. በአሜሪካ በተደረገ ፈተና ይኸኛው ከባዶ መርፌ እንደማይሻል፣ የተጣራው መርዝ ግን በእርግጥ እንደሚያድን ተረጋገጠ። ይህ ሕክምና በማይገኝበት ሥፍራ ላለ ሰው የኔ አስተያየት ግልጽ ነው፤ ቀፎውን ለወንድም ወይም ለጎረቤት በእኩል ያስጠብቅ፣ እርሱ ማሩን በማጣራትና በመሸጥ ይሳተፍ እንጂ ወደ ቀፎው አይቅረብ።

ስለ ሌሎች ነካሾች ጥቂት

ቁንጫና ትኋን በሚበዛበት ቤት ልጆች በእግራቸውና በወገባቸው ላይ ለሳምንታት የሚያሳክክ እባጭ ይወጣባቸዋል። ይህም የገላ ቁጣ ነው፤ ዋናው ጉዳት ግን ከማከክ የሚመጣው መግል ነው። የልጁን ጥፍር ማሳጠር፣ ልብሱን በፈላ ውኃ ማጠብ፣ መኝታውንም ፀሐይ ላይ ማስጣት ከቅባቱ ይበልጥ ይረዳል።

በኬንያና በአካባቢዋ የናይሮቢ ዝንብ የሚባለው በስሙ ዝንብ ይሁን እንጂ ጥንዚዛ ነው፤ አይነክስምም፣ አይነድፍምም። ሰው በቆዳው ላይ ሲጨፈልቀው ከገላው የሚወጣው ፈሳሽ በማግሥቱ እንደ ቃጠሎ ያለ ውኃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል። ብዙ ዝናብ በጣለበት በ1997 እና በ1998 (በፈረንጅ አቆጣጠር) በኬንያ በብዛት ታይቶ ነበር። በቆዳ ላይ የተገኘ እንደ ሆነ እፍ ብሎ ማባረር፣ ከዚያም በሳሙና መታጠብ ነው።

ከተነከሰ ሥፍራ ላይ የወጣ እባጭ ለወራት ሳይድን፣ ሳያምም እየሰፋ ከቆየ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በደጋና በወይና ደጋ፣ ሽኮኮ በሚኖርበት ገደል አጠገብ፣ በጣም ትንሽ በሆነች የአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ቁንጭር ሊሆን ይችላል። ይህን የማሳከክ ቅባት አያድነውም፤ ከቁስሉ ናሙና ተወስዶ መመርመር ያስፈልገዋል።

ቀፎውን ስለ ማስቀመጥ

የጓሮ ቀፎ ለጠባቂው ቢመችም መግቢያው ወደ መንገድ፣ ወደ ውኃ መቅጃ ወይም ወደ ልጆች መጫወቻ መዞር የለበትም። በቀፎዎቹ ፊት የሰው ቁመት የሚያልፍ ቁጥቋጦ ቢተከል ንቦቹ ከፍ ብለው ለመብረር ስለሚገደዱ ከመንገደኛ ራስ በላይ ያልፋሉ። ወደ ቀፎ የሚሄድ ሰው ነጣ ያለና ለስላሳ ልብስ፣ ዐይነ ርግብና ጓንት ያድርግ፤ ንብ ጥቁርና ጸጉራም ነገርን እንደ ጠላት ታያለችና ጥቁር የበግ ጸጉር ካባ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የተነደፈበትን ልብስ ሳያጥቡ ደግሞ መልበስ ጥሩ አይደለም፤ ያ የጥሪ ሽታ በጨርቁ ላይ ይቀራል። ማር ለመቁረጥም ብቻውን የሚሄድ ሰው አይኑር።

ንቡ በኃይል የተነሣበት ሰው እጁን እያወናጨፈ ከመቆም ይልቅ ፊቱን ሸፍኖ መሮጥ፣ ወደ ቤት ገብቶም በር መዝጋት አለበት። ወደ ውኃ ዘልሎ መስጠም አያድንም፤ ትንፋሽ ለመውሰድ ብቅ እስኪል ንቦቹ በላይ ሆነው ይጠብቁታል።

የታሰረ ከብት ግን የሚሮጥበት የለውም። በየጊዜው ፈረስ፣ በቅሎና አህያ በንብ የሚያልቁት ከቀፎ አጠገብ ታስረው ስለሚገኙ ነው፤ ባለቤቱም እነርሱን ለማስጣል ሲል የራሱን ሕይወት አሳልፎ ይሰጣል። ስለዚህ ማር በሚቆረጥበት ቀን ከብቱ ሁሉ ከመምሸቱ በፊት ወደ ሩቅ መስክ ይወሰድ። በሌላውም ቀን በመንደሩ ውስጥ የሚታሰር እንስሳ ገመዱ በአንድ ስበት ሊፈታ በሚችል ቋጠሮ ይታሰር።